ዲቪዲስታይለር፦ በቤት ለሚቀዳ የቪዲዮ ዲስክ የአማርኛ ሰብታይትል ማስገቢያ

በቤት ኮምፒውተር ተቀድቶ ለዘመድ አዝማድ የሚከፋፈል የቪዲዮ ዲስክ ዛሬም አገልግሎቱ አላበቃም። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ እንዲሁም ከአረጋውያን ጋር የተደረገ ጭውውት በዲቪዲ ተቀድቶ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተንም ወደ ደሴና ወደ ጎንደር ይላካል። ውጭ የተወለዱት ልጆች የአያታቸውን ወግ ለመከታተል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል፤ ሀገር ቤት ያሉት ወላጆች ደግሞ ልጃቸው በምርቃቱ ዕለት በእንግሊዝኛ ምን እንደተናገረ ለማወቅ የአማርኛ ጽሑፍ ይሻሉ። ስለዚህም ከሥዕሉ ግርጌ የሚነበበው ሰብታይትል ብዙ ሰው እንደሚገምተው ጌጥ አይደለም፤ ያለ እርሱ ዲስኩ ለተቀባዩ ግማሽ ስጦታ ነው። እዚህ የምገመግመው ዲቪዲስታይለር የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት አንዱ ሲሆን ክፍያ የማይጠየቅበት፣ የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ አማርኛን በቴሌቪዥን መስኮት ላይ በትክክል ለማሳየት ከማውቃቸው ነፃ መንገዶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ሆኖም ውጤቱን የሚወስኑትን ዋና ዋና ማስተካከያዎች ለተጠቃሚው ትቷቸዋል፤ እነርሱን የማያውቅ ሰው የሚያወጣው ዲስክ ወይ ጽሑፍ የሌለበት ወይ በባዶ ሳጥን የተሞላ ይሆናል።

ለምን ይህን መንገድ እንደመረጥሁ ለማስረዳት ሌሎቹ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ማየት ይገባል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው የቪዲዮውን ፋይልና ኤስአርቲ የተባለውን የሰብታይትል ፋይል አንድ ዓይነት ስም ሰጥቶ ሁለቱንም እንደ ተራ ፋይል በዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው። ዲቪክስ የተባለውን የቪዲዮ ፋይል ዓይነት የሚያነቡ ማጫወቻዎች ይህን ይቀበላሉ፤ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍም አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። ለአማርኛ ግን ችግሩ ከሥሩ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አሠራር ፊደሉን የሚስለው ማጫወቻው ራሱ ነው፤ በውስጡ የተቀመጠው የፊደል ስብስብም በአብዛኛው ላቲንን፣ ሲበዛም ጥቂት ሌሎች ፊደላትን ብቻ የያዘ ነው። የእኛ ፊደል የዓለም ፊደላትን ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ በሚመዘግበው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትም ሲሆን፣ ዩኒኮድ በፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ይህን የማያውቅ ማጫወቻ ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ይቆጥርና «ሰላም» የሚለውን ቃል ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት አድርጎ ያወጣዋል። ይህን በሪሞት ማስተካከል አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር ለዘለቄታው ማዋሐድ ነው። ይህ በማናቸውም ማጫወቻ ላይ ይሠራል፤ ለቪሲዲማ ያለው አማራጭ ይኸው ብቻ ነው፤ የቪሲዲ ደረጃ ለሰብታይትል የተለየ መንገድ አላበጀምና። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተዋሐደ ጽሑፍ አይጠፋም፣ አይለወጥም፤ አማርኛና እንግሊዝኛን በአንድ ዲስክ ላይ እያማረጡ ማየት የሚፈልግ ቤተሰብም ሁለት ዲስክ እንዲያሠራ ይገደዳል። በሠርግ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ጽሑፉ በሙሽራዋ ልብስ ላይ እስከ መጨረሻው ታትሞ መቅረቱን የሚወድ ሰው ጥቂት ነው።

የዲቪዲ ደረጃ ያበጀው ሦስተኛው መንገድ ለአማርኛ እጅግ የሚስማማ ነው። በዲቪዲ ላይ ሰብታይትል በፊደል አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ በኮምፒውተር ላይ ሥዕል ሆኖ ይሳልና ከቪዲዮው ጎን ለብቻው በሚሄድ መስመር ይጫናል፤ ማጫወቻው ሥዕሉን በሰዓቱ ከምስሉ ላይ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ የለበትም። በአንድ ዲስክ እስከ 32 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ መስመሮችን መጫን ይቻላል። ከዚህ የተነሣ በገበያ ላይ ያለው በጣም ርካሽ ማጫወቻ እንኳ ስለ ግዕዝ ፊደል ምንም ሳያውቅ አማርኛን አጥርቶ ያሳያል። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍና እያንዳንዱ ሆሄ ራሱን የቻለ ምልክት መሆኑም ሥራውን ያቀለዋል፤ እንደ ዐረብኛ ጎረቤቱን እያየ ቅርጹን የሚለውጥ ፊደል ስላልሆነ፣ የሚስለው ፕሮግራም ተስማሚ ፎንት እስከተሰጠው ድረስ የሚሳሳትበት ምክንያት የለም።

ዲቪዲስታይለር የሚሠራው ይህንኑ ሦስተኛውን መንገድ ነው። ቪዲዮው ወደ ፕሮግራሙ ከገባ በኋላ በርዕሱ (ማለትም በገባው ቪዲዮ) ንብረቶች መስኮት ውስጥ የኤስአርቲ ፋይሉ ይጨመራል፤ ለእያንዳንዱ ሰብታይትል የቋንቋ ኮድ፣ የፊደል አጻጻፍ ዓይነት፣ ፎንት፣ ቀለም፣ የጠርዝ ቀለምና ከዳር የሚቀረው ክፍተት ለየብቻ ይመረጣሉ። የአማርኛ ኮድ «ኤ» እና «ኤም» የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው። ከዚያ ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ዲቪዲ ወደሚቀበለው ዓይነት፣ ወደ ኤምፔግ-2፣ ይለውጣል፣ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ይስላል፣ ማውጫ ገጽ ይሠራል፣ ዲስኩንም ይቀዳል። ከውስጥ ሆነው ሥራውን የሚሠሩት ኤፍኤፍኤምፔግና ዲቪዲኦተር የተባሉት የቆዩ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ዲቪዲስታይለር ለእነርሱ መስኮትና ቁልፍ አበጅቶላቸዋል ማለት ይቻላል። በትእዛዝ መስመር መሥራት ለማይወድ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ውለታ ነው።

አሁን ለተጠቃሚው ወደተተዉት ማስተካከያዎች እመለሳለሁ። የመጀመሪያው የጽሑፉ ፋይል የተቀመጠበት አጻጻፍ ነው። የኤስአርቲ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት እስከ ሺኛ ሰከንድ፣ ከዚያም የሚነበበው ዐረፍተ ነገር በየተራ ይጻፋሉ። በኖትፓድም ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን በቆዩ የዊንዶውስ ዕትሞች ላይ ኖትፓድ ሳይጠየቅ የሚመርጠው አጻጻፍ አንሲ የተባለው ነው፤ አማርኛ በዚህ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ የጠፋውም ጽሑፍ ከፋይሉ ውስጥ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ በሚቀመጥበት ጊዜ ዩቲኤፍ-8 መመረጥ አለበት፤ በዲቪዲስታይለርም ውስጥ የፊደል አጻጻፍ በሚለው ቦታ ይኸው ዩቲኤፍ-8 መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተተየበ የቆየ ትርጉም ያለው ሰውም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ይገባዋል፤ አለዚያ ዓይን አማርኛ ሲያይ ኮምፒውተሩ የሚያነበው የላቲን ፊደላትን ነው።

ሁለተኛው ፎንት ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ስለዚህ ነው፤ ምክንያቱም የዲስኩ ተነባቢነት በሙሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሳይነኩት የሚመርጠው ፎንት የላቲን ፎንት ነው፤ የግዕዝ ፊደል በሌለው ፎንት የተሳለ አማርኛ ደግሞ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ኒያላን፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መርጦ መስጠት ግድ ነው። ሦስቱም ጥሩ ፎንቶች ናቸው፤ በቴሌቪዥን ላይ ግን እኩል አይደሉም። ኒያላና አቢሲኒካ በብዕር የተጻፈ የሚመስል፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚፈራረቅበት ውበት አላቸው፤ በመጽሐፍ ላይ ለማንበብ እነርሱን እመርጣለሁ። የዲቪዲ ሥዕል ግን በእኛ ሀገር በሚሠራበት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥዕል ደረጃ 720 በ576 ነጥብ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ሰብታይትል በአንድ ጊዜ ሊጠቀም የሚችለው አራት ቀለም ብቻ ሲሆን ከእነዚህም አንዱ ለግልጹ መደብ፣ አንዱ ለፊደሉ፣ አንዱ ለጠርዙ ይውላል። የፊደሉን ዳር ለማለስለስ ቢበዛ አንድ ቀለም ብቻ ስለሚተርፍ ቀጫጭኑ መስመር ይቆራረጣል፤ በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይም ይንቀጠቀጣል።

ይህ በላቲን ፊደል ላይ የመልክ ጉዳይ ነው፤ በእኛ ፊደል ላይ ግን የንባብ ጉዳይ ይሆናል። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው በወገቡ ወይም በእግሩ የተቀጠለች አንዲት አጭር ሰረዝ ናት፤ «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው ደግሞ እግሩ ላይ ያለው ቅጥል ቀለበት መሆን አለመሆኑ ነው። በቁመቱ 20 ነጥብ ያህል በሆነ ፊደል ላይ ያ ቀለበት ሦስት ወይም አራት ነጥብ ቢያገኝ ነው፤ መካከሉ ከተደፈነ አንባቢው «ቤት»ና «ቢት»ን የሚለየው በግምት ይሆናል። ስለዚህ ለዲስክ የምመክረው ወጥ ውፍረት ያለውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ እርሱንም በደማቁ ዓይነት፣ መጠኑንም ከ28 ሳያሳንሱ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ላለበት ቤት 32 አድርጎ መጠቀም ነው። መጠኑ ሲያድግ በአንድ መስመር የሚገባው ቃል ያንሳል፤ ከ25 ሆሄ ያልበለጠ መስመር፣ በአንድ ጊዜም ከሁለት መስመር ያልበለጠ ጽሑፍ በቂ ነው። መስመሩን ፕሮግራሙ እንዲቆርጠው ከመተው ትርጉሙ በሚያርፍበት ቦታ ራስ መቁረጥ ይሻላል። ቃላትን በሁለት ነጥብ እየለዩ ያለ ክፍት ቦታ መጻፍም መቅረት አለበት፤ መስመር የሚቆረጠው ክፍት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ እንዲያ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ለፕሮግራሙ አንድ እጅግ ረጅም ቃል ነው።

የቀለም ምርጫም ከምንቀዳው ነገር ጋር መታየት አለበት። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ጠርዝ የተለመደ ነው፤ ለአብዛኛው ቪዲዮም ይበቃል። በእኛ ሠርግና በዓል ላይ ግን የሥዕሉ ታችኛ ክፍል ብዙውን ጊዜ በነጭ ልብስ የተሞላ ነው፤ የሀበሻ ቀሚሱ፣ ነጠላውና ጋቢው ሁሉ የሚያርፈው ልክ ሰብታይትሉ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ነጭ ፊደል ጠርዙ ብቻ ቀርቶ ውስጡ ይሰወራል። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፊደልን ወፈር ካለ ጥቁር ጠርዝ ጋር ማድረግ ይህን ያስወግዳል። ከታች የሚተወው ክፍተትም ሰፋ ማለት አለበት፤ አሮጌ ቴሌቪዥኖች የሥዕሉን ዳር ስለሚቆርጡ ከግርጌው አንድ አሥረኛ ያህል ባዶ መተው ሁለተኛው መስመር እንዳይበላ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ማስተካከያ ሰብታይትሉ ሳይጠየቅ እንዲበራ ማድረግ ነው። ዲስኩ ሲጀምር ጽሑፉ ተጭኖ እያለ ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ሰዎች «ሰብታይትሉ አልሠራም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጽሑፉ ግን በሪሞቱ ላይ ያለው የሰብታይትል ቁልፍ እስኪነካ እየጠበቀ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ እናት ያንን ቁልፍ እንዲፈልጉ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ዲቪዲስታይለር መፍትሔውን በሁለት ቦታ አስቀምጦታል። ማውጫ ገጽ ያለው ዲስክ ከሆነ በእያንዳንዱ ቁልፍ ንብረት ውስጥ የትኛው ሰብታይትል እንደሚበራ መምረጥ ይቻላል፤ አንዱን ቁልፍ «በአማርኛ ጽሑፍ»፣ ሌላውን «በእንግሊዝኛ ጽሑፍ»፣ ሦስተኛውን «ያለ ጽሑፍ» ብሎ መሰየም ከሁሉ የሚሻል አሠራር ነው። ማውጫ ከሌለው ደግሞ በርዕሱ ንብረቶች ውስጥ ባለው የቅድሚያ ትእዛዝ ሳጥን ሰብታይትል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትንንሽ የላቲን ፊደል ይጻፍና የእኩል ይሆናል ምልክትና 64 ቁጥር ይከተሉታል፤ ትእዛዙ በነጠላ ሰረዝ ላይ ነጥብ ባለው የላቲን ምልክት ይዘጋል። 64 የማብሪያ ቁጥር ሲሆን የመጀመሪያውን ሰብታይትል ያበራል፤ ሁለተኛውን ለማብራት 65 ይጻፋል። ይህን ያህል አስፈላጊ የሆነ ነገር በአንዲት ምልክት መነካት ሲገባው በትእዛዝ ሳጥን ውስጥ መሸሸጉን የፕሮግራሙ ትልቁ ጉድለት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የጽሑፉና የድምፁ ሰዓት አለመገጣጠም ሌላው የተለመደ ቅሬታ ነው፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የዲቪዲስታይለር አይደለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል መጠን የዘገየ ጽሑፍ በቀላሉ ይገፋል። በጊዜ ብዛት እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ግን ሰብታይትሉ የተሠራው በሌላ ፍጥነት ለሚሄድ ቅጂ ነው ማለት ነው። ለምሳሌ በሰከንድ 23.976 ሥዕል ለሚሄድ የ90 ደቂቃ ፊልም የተሠራ ጽሑፍ፣ ተፋጥኖ በሰከንድ 25 ሥዕል ለሚሄደው ቅጂ ቢሰጥ፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ይህንን የሚያስተካክለው ሰብታይትል ኤዲት የተባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የሥዕል ፍጥነትን የመለወጥ፣ ሁለት ነጥቦችን ይዞ በመካከል ያለውን ሁሉ የማመጣጠን፣ የድምፁን ሞገድ እያዩ ዐረፍተ ነገርን ከተናጋሪው አፍ ጋር የማጋጠም ችሎታ አለው። ጽሑፉን እዚያ ጨርሶ ወደ ዲቪዲስታይለር ማምጣት ሁለቱን በየሙያቸው ማሠራት ነው። በዚያው የሚደራረቡ ሰዓቶችን ማጽዳትም ይጠቅማል፤ የዲቪዲ ሰብታይትል መስመር በአንድ ጊዜ አንድ ሥዕል ብቻ ስለሚያሳይ የሁለት ሰዎች ንግግር ሲደራረብ ሁለቱን በአንድ ሰብታይትል አድርጎ መጻፍ ይገባል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮም የሥዕል ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ስለሚሆን፣ አስቀድሞ ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ቋሚ ፍጥነት እንዲይዝ ማድረግ በኋላ የሚመጣውን መዛባት ይከላከላል። ሃንድብሬክ ራሱ ግን ዲቪዲ አይሠራም፤ በእርሱ ጽሑፍ ከትተው ዲስክ እንሠራለን የሚሉ ሰዎች የሚያገኙት ከላይ የተነገረውን ከሥዕል ጋር የተዋሐደ ጽሑፍ ወይም ተራ የቪዲዮ ፋይል ነው።

ዲስኩ የሚሄድበት ሀገር ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና አውሮፓ የፓል፣ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የተባለው ሌላው የቴሌቪዥን ሥዕል ደረጃ አካባቢዎች ናቸው። እኛ ዘንድ የሚሸጡት ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ሁለቱንም ሲያነቡ፣ በአሜሪካ የሚሸጡት ብዙዎቹ ፓልን አይቀበሉም፤ ስለዚህ በሁለቱም ወገን ላሉ ዘመዶች አንድ ዓይነት ዲስክ የሚያዘጋጅ ሰው ኤንቲኤስሲን ቢመርጥ ይሻለዋል። የሥዕሉ ቁመት ከ576 ወደ 480 ነጥብ ስለሚወርድ ስለ ፎንት የተነገረው ሁሉ በዚህ ጊዜ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። ዲስክ በተወሰነ የዓለም ክፍል ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገው የክልል ኮድ የሚባለው እገዳ በቤት በሚቀዳ ዲስክ ላይ የለም።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ብቻ ልበል። አንድ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ሁለት ሰዓት ቪዲዮ ይይዛል፤ ሰብታይትሎቹ የሚወስዱት ቦታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዲስኩን ከመቅዳት በፊት ዲቪዲስታይለር የአይኤስኦ ፋይል (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ የያዘ አንድ ፋይል) ብቻ እንዲያወጣ ማዘዝና እርሱን ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍቶ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን መመልከት ባዶ ዲስክ ከማባከን ያድናል። ፕሮግራሙን በሚጭኑበት ጊዜም ከራሱ ይፋዊ ገጽ ማውረድና እያንዳንዱን ገጽ እያነበቡ ያልፈለጉትን ተጨማሪ ፕሮግራም አለመቀበል ተገቢ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ የኤስአርቲ ፋይሉን በፍላሽም ሆነ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ አይዘነጋ። በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሥዕል ስለሆነ የተሳሳተ ስም ወይም የጎደለ ፊደል በዚያ ላይ አይታረምም፤ ዋናው ፋይል ከጠፋ ያለው መንገድ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም መጠቀም ነው። ሰብታይትል ኤዲት ይህን ቴሰራክት በተባለው ከሥዕል ላይ ፊደል አንባቢ ፕሮግራም አማካይነት ይሠራል፤ ቴሰራክትም የአማርኛ ፋይል አለው። ነገር ግን ከላይ እንደተነገረው ቀለበታቸው የተደፈነ ፊደሎችን ከእንዲህ ዓይነት ሥዕል ላይ እንዲለይ ሲጠየቅ «ሌ»ን «ሊ» ማለቱ የማይቀር ስለሆነ፣ እያንዳንዱን መስመር ከድምፁ ጋር እያስተያዩ እንደገና ማረም ያስፈልጋል።